ከአይጥ ወደ ሰው ከመዝለል በፊት
በአይጥ ላይ ሠራ የተባለ የሕብለ ሰረሰር ሕክምና በቀጥታ ወደ ሰው መሻገር የለበትም ባይ ነኝ። አይጥ ላይ ነርቭ አድጎ የሚሸፍነው ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ የሰው ግን በሴንቲሜትር ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የተሻለውን መንገድ አሳይቷል። ማንም ሆን ብሎ ያልጎዳቸው፣ የኋላ እግራቸው ሽባ የሆነ 34 የቤት ውሾች ተመረጡ፤ ለአብዛኞቹ ከገዛ አፍንጫቸው የተወሰደ ሴል ጉዳቱ ላይ ተወጋላቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመሮጫ ማሽን ላይ፣ በማንገቻ ተደግፈው፣ የኋላ እግራቸውን ከፊተኛው ጋር አስማምተው መራመድ ጀመሩ። ሽንት መቆጣጠሩ ግን ባብዛኛው አልተመለሰም። በዊልቸር ለሚኖር ሰው ደግሞ እሱ ከመራመድ የሚያንስ ነገር አይደለም! ለምርምር ገንዘብ የሚመድቡ ሁሉ እንዲህ ያለውን ጥናት ሊያስቀድሙ ይገባል።