ክሽክሽ ሁሉ አንድ ነውን?



በእኛ በመካነ ሰላም አካባቢ ገብስ ሲያንስ ጥፋቱ ሁሉ በዝናብ ይሳበባል። ዝናቡ በእርግጥ በደለኛ ነው፤ ነገር ግን እርሱ በጠፋ ጊዜ የሚበረታ ሌላ ጠላት አለ፤ ይኸውም ክሽክሽ ነው።

ፈረንጆች «የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ» የሚሉት፥ በወሎና በትግራይ በ1965 ዓ.ም. ግድም የታወቀው ይህ ተባይ፥ ለእኛ ከስንዴው ይልቅ የገብሱ ጠላት ነው። ቅጠሉ ነጣ ያለ መስመር አውጥቶ ይጠቀለላል፤ ክሽክሹም በጥቅልሉ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚመጥ ከላይ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ዛላውም ታንቆ ቆልመም ብሎ ይወጣል።

ስለዚህ ተባዩን የሚቋቋም ዘር ይምጣልን እንላለን። መልካም ነው። ዳሩ ግን የትኛውን ክሽክሽ የሚቋቋም? አሜሪካኖች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ተባዩ ከገባባቸው በኋላ፥ በ1994 ሐልት የተባለ ተቋቋሚ ስንዴ በኮሎራዶ አወጡ። በ2003 ግን በዚያው በኮሎራዶ ያንኑ ስንዴ የሚያጠቃ ሌላ ወገን ተገኘ። በመልክ ከፊተኛው አይለይም፤ የሚለየው በዘሩ ነው። እናቲቱ ያለ ወንድ ስለምትወልድ ልጆቿ የእርሷው ግልባጭ ናቸው፤ ስለዚህ ተቋቋሚውን ዘር የቻለች አንዲት ብትገኝ ማሳውን ለመሙላት ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም።

እኛን የሚነካው ደግሞ ይህ ነው፤ በ2004 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ከኢትዮጵያ የተወሰደው ክሽክሽ የሐልት ዓይነቱን መከላከያ የሚያሸንፍ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ሌላ አገር ተፈትኖ «ተቋቋሚ» የተባለ ዘር እዚህ ቢዘራ ገበሬው በከንቱ ሊደክም ነው።

በነገራችን ላይ፥ ክሽክሾች የሚያዛምቱትን የገብስ አቀጭጭ ቫይረስ የሚቋቋመውን ባሕርይ ካሊፎርኒያ ያገኘችው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። እኛ ግን ነጭና ጥቁሩን ደባልቆ የሚዘራውን ገበሬ ኋላ ቀር እንለዋለን!

የምለምነው ብዙ አይደለም። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል፥ በመካነ ሰላም ካምፓስ ካለው ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፥ ከቦረና፥ ከሳይንት፥ ከለጋምቦና ከከላላ ክሽክሽ በየስፍራው ለይቶ ይሰብስብ። ይሰጣል የተባለው ዘርም ሆነ የየቀበሌው ነባር ገብስ በየአንዳንዱ ይፈተን። ዘሩ ለገበሬ የሚታደለው ከዚያ በኋላ ይሁን።

አንድ አንባቢ
ከመካነ ሰላም