የትዳር አጋሮቻችን ጀርመንኛን መጥተው ይማሩ

ለጀርመን ፌዴራል ፓርላማ (ቡንደስታግ) የአቤቱታ ኮሚቴ
በርሊን

ጉዳዩ፦ የጀርመን ዜጎች የትዳር አጋሮች ወደ አገር ከመግባታቸው በፊት የሚጠየቁት የቋንቋ ማስረጃ እንዲቀርላቸው ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

እኛ ከታች የፈረምነው በትውልድ ኢትዮጵያውያን፣ በዜግነት ጀርመናውያን ነን። የትዳር አጋሮቻችን ያሉት ኢትዮጵያ ነው። የመሠረታዊው ሕግ አንቀጽ 17 ማንኛውም ሰው ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ ለምክር ቤቱ አቤት ማለት እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ እነሱም አብረውን ፈርመዋል። ጽሑፉን መጀመሪያ በአማርኛ አዘጋጅተን ከነጀርመንኛ ትርጉሙ ያቀረብነው እያንዳንዳቸው የሚፈርሙበትን ቃል አንብበው እንዲፈርሙ ብለን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

አቤቱታችን አንድ ነው። ከኦገስት 2007 ጀምሮ፣ ጀርመናዊ ወይም ጀርመናዊት ያገባ የውጭ ዜጋ ለቤተሰብ መቀላቀያ ቪዛ ሲያመለክት፣ ገና ከአገሩ ሳይወጣ የኤ1 ደረጃ ጀርመንኛ ማወቁን ማስመስከር አለበት። ቋንቋው ይቅርልን አላልንም። መጥተው ይማሩት ነው የምንለው።

የምጽፈው በሁላችንም ስም ነው፤ የማውቀውን ለማስረዳት ግን ከራሴ ቤት ልነሳ። እኔ ኬል በምትባለው ከተማ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ እተዳደራለሁ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚሠራባት ትንሽ የብየዳ ቤት አለችው። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ ነው እጁን ወደ ሥራ ያስገባው። ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ በስልክ አስጠናዋለሁ፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆርጥ ውሎ፣ ዓይኑ በብየዳ ብርሃን ቀልቶ፣ ደብተሩን ይገልጣል። ስሙን በላቲን ፊደል አንድ በአንድ መጥራት፣ ቅጽ መሙላት፣ ወደ 30 ቃል የሚሆን አጭር ደብዳቤ መጻፍ ተለማምዷል። የሚጥለው የማዳመጡ ክፍል ነው። ከቴፕ የባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ይለቀቃል፦ ባቡሩ ዘግይቷል፣ የሚነሳበት መስመርም ተቀይሯል። የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ድገሙልኝ አይባል፣ አጠገብ ያለ መንገደኛ አይጠየቅ፣ ሰሌዳ አይታይ። ለማለፍ ከ100 ቢያንስ 60 ነጥብ ያስፈልጋል። እዚህ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ማስታወቂያ በየቀኑ እየሰማ በሳምንታት ውስጥ በለመደው ነበር።

የምናውቀው ፈተና የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው። ኮርሱን በአካል ልከታተል ያለ የክፍለ ሀገር ሰው ሥራውን ዘግቶ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ወራት መቀመጥ ይኖርበታል። ለጀርመን ዜጋ የትዳር አጋር ቪዛው ራሱ ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ እናውቃለን፤ ስለዚህም እናመሰግናለን። ነገር ግን የብየዳ ቤቷ ስትዘጋ የአማቴ ቀለብ፣ የሁለቱ ረዳቶቹም ደመወዝ ይቆማል። ብዙዎቻችን ከዚህ የምንልከው ገንዘብ የሚያልቀው በዚሁ የቤት ኪራይና የኮርስ ክፍያ ላይ ነው።

የባሰም አለ። አብሮን ከፈረመ ወንድማችን ጋር የተጋባችው እህታችን የምትኖረው ደብረ ታቦር ነው። በኢንተርኔት መማር ጀምራ ሳለ በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔቱም ለወራት ተቋረጠ። መንገዱም አያስኬድም ነበር። ባሏ ድምፅዋን ለመስማት እንኳ ሲቸገር፣ ፋይሏ ላይ የጎደለው ሰነድ ግን ያው የኤ1 ምስክር ወረቀት ነበር። ትግራይ ውስጥ የትዳር አጋር ያላቸው ወገኖቻችን ይህንኑ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ አይተውታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንድንናገር ይፈቀድልን። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ጀርመናዊ ልጅ ያለው ወላጅ ልጁን ለማሳደግ ሲመጣ ይህ የቋንቋ ማስረጃ አይጠየቅም። ትክክል ነው፤ ልጅ ያለ ወላጅ ማደግ የለበትም። ግን በዚህ የተነሳ ለባለትዳሮች የሚሰጠው ምክር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ውለጂ፣ ያኔ ይቀልልሻል» ይባላል። ይህን ምክር ከአማካሪም፣ ከዘመድም የሰማን ሴቶች ብዙ ነን። መቼ እንደምንወልድ የሚወስንልን የቪዛ ሕግ መሆኑ ያማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የሥራ ባልደረባዬ ፈረንሳዊት ናት፤ የምትኖረውም እዚሁ ኬል ነው። ባለቤቷ ካሜሩናዊ ነው። እሷ የሌላ አባል አገር ዜጋ ሆና ጀርመን ስለምትኖር ጉዳያቸው የታየው በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2004/38 ነው። በዚህ መመሪያ ቪዛው በነጻና በተፋጠነ አሠራር ይሰጣል፣ የመኖሪያ ካርዱ በ6 ወር ውስጥ መውጣት አለበት፣ 5 ዓመትም ያገለግላል። ቋንቋ ታውቃለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። አሜሪካዊ፣ ካናዳዊ ወይም ጃፓናዊ ሆኖ ጀርመን ውስጥ የሚኖር ሰውም ሚስቱን ያለ ኤ1 ማስመጣት ይችላል። ብሉ ካርድ የያዘ መሐንዲስም እንዲሁ። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ የሌሎች ባለሙያ ሠራተኞች የትዳር አጋሮችም ከዚሁ ግዴታ ነጻ ወጥተዋል። በእነዚህ ሰዎች አንቀናም፤ የተሰጣቸው የሚገባቸው ነው። ሆኖም እኛ የዚህ አገር ዜጎች ነን። ጀርመናዊ ስንሆን በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 አንቀጽ 20 መሠረት የቀድሞ ዜግነታችንን አጥተናል፤ ዜጋ ነኝ ብለን መብት የምንጠይቀው እዚህ ብቻ ነው። ታዲያ የጀርመን ዜጋ በገዛ አገሩ ከፈረንሳዊ ጎረቤቱ ያነሰ የትዳር መብት የሚኖረው ለምንድን ነው?

«ወንዙን ተሻግረሽ ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ቤት ተከራዪ» ያሉኝ የሕግ ሰዎች አሉ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1992 በሱሪንደር ሲንግ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ በሌላ አባል አገር የሠራ የኅብረቱ ዜጋ ከትዳር አጋሩ ጋር ወደ አገሩ ሲመለስ የኅብረቱ ሕግ ይከተለዋል። ከኬል ስትራስቡርግ ድረስ ትራም አለ፤ ድልድዩን መሻገር የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። መንገዱ ሕጋዊ ነው። ግን የምንከባከባቸው አረጋውያን፣ የምንከፍለው ግብር፣ ያፈራነው ወዳጅ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። መሠረታዊው ሕግ በአንቀጽ 6 ጋብቻንና ቤተሰብን ልዩ ጥበቃ ያደርግላቸዋል። ይህን ጥበቃ ለማግኘት ከጀርመን መውጣት አለብን ብለን አናምንም።

ሕጉ ሲወጣ የተሰጠው ምክንያት ሁለት ነበር፤ አስገድዶ መዳርን መከላከልና አዲስ መጪዎች ከኅብረተሰቡ ጋር እንዲዋሐዱ ማገዝ። የመጀመሪያውን በሙሉ ልብ እንደግፋለን፤ እንዲያውም ከመካከላችን ያለ ዕድሜያቸው ሊዳሩ ሲሉ ያመለጡ እህቶች አሉ። ነገር ግን አስገድዶ መዳር ከ2011 ጀምሮ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል። ጋብቻችን እውነተኛ መሆኑም በሌላ መንገድ ይጣራል፤ የወሳኝ ኩነት ሰነዶቻችን ይመረመራሉ፣ ባልና ሚስት ለየብቻ ይጠየቃሉ፣ አንዳንዴም አጣሪ ሰፈር ድረስ ሄዶ ጎረቤት ያነጋግራል። ይህ ሁሉ ይቅርልን አላልንም። የተገደደችን ሴት የሚያድናት ግን ስለ ባቡር መስመር የሚጠይቅ ፈተና አይደለም። መዋሐድን በተመለከተ፣ የመጣ ሰው የሚገባበት የውህደት ኮርስ 600 ሰዓት የቋንቋ ትምህርት አለው። ከ3 ዓመት በኋላ ለቋሚ መኖሪያም ሆነ፣ ጋብቻው 2 ዓመት ከሞላው፣ ለዜግነት ሲያመለክት የሚጠየቀው ቢ1 ነው። እኛም በዚሁ አልፈናል፤ አጋሮቻችንም ያልፉበታል።

የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2012 በሰጠው ፍርድ፣ የጀርመን ዜጋ የትዳር አጋር ቋንቋውን ለመማር መሞከሩ የማይቻል ወይም ከአቅም በላይ ከሆነ፣ አለያም በ1 ዓመት ጥረት ካልተሳካለት፣ ማስረጃው ሊጠየቅ አይገባም ብሏል። በ2015ም ሕጉ ላይ ለዚህ የሚሆን ልዩ ሁኔታ ተጨምሯል። የምንማረረው ይህን መብት በቪዛ ማመልከቻው መስኮት ላይ የሚነግረን ባለመኖሩ ነው። ብዙዎቻችን የሰማነው ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ገንዘብ ከፍለን ካነጋገርነው ጠበቃ ነው። «አንድ ዓመት ጥሬያለሁ» ለማለት የትኛው ደረሰኝ፣ የትኛው የኮርስ ወረቀት እንደሚበቃም በግልጽ አልተነገረንም።

የምንጠይቀው እንግዳ ነገር አይደለም። በ2021 ሦስቱ ፓርቲዎች በተፈራረሙት የጥምረት ውል፣ የትዳር አጋሮች የቋንቋ ማስረጃውን ከመጡ በኋላ ወዲያው እንዲያቀርቡ ይፈቀዳል ተብሎ ተጽፎ ነበር። ለባለሙያ ሠራተኞች ቤተሰቦች በር ሲከፈት፣ ለዜጎች ቤተሰቦች የተገባው ቃል ግን መንግሥቱ እስኪፈርስ ድረስ ሕግ ሳይሆን ቀረ።

ስለዚህ ኮሚቴው የመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 28 እና 30 ተሻሽለው፣ ይኸው ቃል ለጀርመን ዜጎች የትዳር አጋሮች በሕግ እንዲጸና ለምክር ቤቱ ሐሳብ እንዲያቀርብልን በትሕትና እንለምናለን። ሕጉ እስኪሻሻል ድረስም የ1 ዓመቱ ጥረት መብትና ለእሱ የሚበቁት ማስረጃዎች ለእያንዳንዱ አመልካች በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ እንዲሰጡት፣ ጦርነት ወይም የኢንተርኔት መቋረጥ ባለበት አካባቢ የሚኖሩትም ዓመቱን ሳይጠብቁ ከግዴታው ነጻ እንዲደረጉ እንጠይቃለን። ጉዳያቸው ያላለቀ ባለትዳሮችን ሰነድ፣ ኮሚቴው ሲፈልገው፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ እናቀርባለን። የተደረሰበት ውሳኔም ለእያንዳንዳችን በጽሑፍ እንዲደርሰን እናመለክታለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አመልካቾቹና የትዳር አጋሮቻቸው