አሮጌው ላፕቶፕ ይታከም ወይስ ይቀየር?

በዚህ እትም የምናወጋው ወላጆች መንገድ ላይ እያስቆሙ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦ «መምህር፣ ልጁ ላፕቶፑ አርጅቷል፣ ሌላ ካልተገዛልኝ አልማርም ይለኛል። እውነቱን ነው ወይስ ጓደኞቹን አይቶ ነው?»

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እዚህ ካኩማ በ2025 ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ እንዴት እንደምንኖር ሁላችንም እናውቀዋለን። ላፕቶፕ መግዛት ማለት ለብዙው ቤተሰብ የወራት እቁብ ነው፤ ወይም ውጭ ያለውን ዘመድ ለምኖ ማስላክ ነው። ያ ገንዘብ አንዴ ከወጣ አይመለስም። በሌላ በኩል ደግሞ የርቀት ትምህርትም ሆነ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ በስልክ ብቻ እስከ መጨረሻው አይገፋም። ስለዚህ ልጁንም ሳንጎዳ፣ ጓዳችንንም ሳናራቁት እንዴት እንወስን? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ እንጀምር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያለን ዕቃ ምንድን ነው?

በየቤታችን ከሚገኙት ላፕቶፖች ብዙዎቹ መጀመሪያ ለቢሮ ሥራ የተሠሩ ናቸው፦ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲትዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ። የውጭ አገር ኩባንያዎች ጥቂት ዓመት ከሠሩባቸው በኋላ በጅምላ ይቀይሯቸዋል፤ ነጋዴ ይገዛቸውና ናይሮቢ ይገባሉ። እነ ሉቱሊ ጎዳና ላይ «ኤክስ ዩኬ» እየተባሉ የሚሸጡት እነዚህ ናቸው። አካላቸው ጠንካራ ነው፣ ብዙዎቹም ተፈትተው ዕቃቸው ይቀየራል። ለእኛ አቧራና ሙቀት ከአዲስ ግን ከርካሽ ላፕቶፕ ይልቅ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይሻላል ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲጨበጥ ሁለት ወንድማማቾችን እንውሰድ፦ በ2011 የወጣውን ቲንክፓድ ቲ420 እና በ2018 የወጣውን ቲንክፓድ ቲ480። ሌላ ዓይነት ያላችሁም ሂሳቡ ያው ነው።

ሕመሙ የት ላይ ነው?

«ላፕቶፑ ሞተ» ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ አልሞቱም፤ ታመዋል እንጂ። ዋናዎቹ ሕመሞች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ዲስኩ ነው። በቲ420 ዘመን የነበረው አብዛኛው ዲስክ ውስጡ እየተሽከረከረ የሚሠራ ነው፤ እያረጀ ሲሄድ ላፕቶፑ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይወርዳል። በምትኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለበት ዲስክ ቢገባለት ዕቃው እንደገና የተወለደ ይመስላል። ሁለተኛው ሜሞሪው ነው፣ ራም የሚባለው። 4 ጊጋ ከሆነ ወደ 8 ማሳደግ ይቻላል፤ ቲ420 ለዚህ ሁለት ማስገቢያ አለው። ሦስተኛው አቧራ ነው። ፋኑ ሲታፈን ኮምፒውተሩ ይግላል፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህን አንድ ብሩሽና የሚያውቅ እጅ ይፈታዋል። ሦስቱም ተደምረው ሌላ ላፕቶፕ ከመግዛት እጅግ ያነሰ ወጪ ነው። እነዚህን ሳይሞክሩ ለመግዛት መሮጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የማይታከመውስ? እሱ ዊንዶውስ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በ2020 አቆመ። የዊንዶውስ 10ም ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ቲ420 ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ አያሟላም። ኩባንያዎችም አሮጌዎቹን በብዛት እንዲያወጡ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ድጋፍ አበቃ ማለት ግን ኮምፒውተሩ ይዘጋል ማለት አይደለም። መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት አይኖርም ነው ነገሩ። ፈተና ለሚተይብና መጽሐፍ ለሚያነብ ኢንተርኔት የማያውቅ ላፕቶፕ ይህ ብዙም አያሰጋም። ኢሜይሉን፣ ገንዘቡንና የኬዙን ጉዳይ በሱ ለሚከታተል ሰው ግን ያሰጋል። ለእሱ አንድ ነጻ መፍትሔ አለ፦ ሊኑክስ ሚንት። ክፍያ የለውም፣ ሊብሬ ኦፊስ የተባለ የጽሕፈት ፕሮግራም ይዞ ይመጣል፣ በታከመ ቲ420 ላይም ይሄዳል። ሆኖም አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በኢንተርኔት ለሚሰጡት ፈተና የሚጠቀሙባቸው መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞች በሊኑክስ አይሠሩም። ስለዚህ ልጁ ከሚማርበት ተቋም አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቅ።

በአጭሩ፦ ሥራው መጻፍ፣ ማንበብና ኢሜይል ከሆነ አሮጌውን አሳክሙት። ተቋሙ ዊንዶውስ 11 ግድ ካለ፣ ወይም ልጁ በቪዲዮ እየተማረ ጎን ለጎን የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም ዋናው ቦርድ ከተቃጠለ፣ ያኔ መቀየሩ ተገቢ ነው።

ለመግዛት ከወሰናችሁ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ናይሮቢ ያለ ሰው ሲገዛላችሁ የሚከተሉትን አስይዙት።

1. የሚለጠፈውን ስም ሳይሆን የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ይመልከት። አይ5-8350ዩ ሲል ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ትውልዱ ነው፤ አይ5-10210ዩ ከሆነ ደግሞ 10ኛ ትውልድ ነው። «አይ7 ነውና ይበልጣል» የሚል ነጋዴ አያታላችሁ። የ2011ዱ አይ7-2620ኤም ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ አይ5-8350ዩ ግን አራት አለው። ልብ በሉ፣ ቲ480 ራሱ በ7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰርም ተሽጧል፤ እሱን የገዛ ሰው «ቲ480 ገዛሁ» ብሎ ዊንዶውስ 11 ላይ ይቆማል።

2. ሜሞሪው የሚጨመር መሆኑን ይጠይቅ። ቲ480 ሁለት ማስገቢያ አለው፤ ዛሬ 8 ጊጋ ገዝቶ ገንዘብ ሲገኝ መጨመር ይቻላል። ስሙ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለየው ቲ480ኤስ ግን ከፊሉ ሜሞሪ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው።

3. ባትሪውን ይመርምር። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ «ዲዛይን ካፓሲቲ» ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፣ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ዛሬ የቀረው። የተለመደው ቲ480 ውስጥና ውጭ ሁለት ባትሪ አለው፣ እያንዳንዱ 24 ዋት-ሰዓት፣ ድምሩ 48። ላፕቶፑ ቀላል ሥራ ላይ ሆኖ 8 ዋት ቢወስድ፣ 48 ለ8 ሲካፈል 6 ሰዓት ይሆናል። ባትሪው 60 በመቶ ብቻ ከቀረው ግን 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከጄኔሬተር ባለቤት መብራት እየገዛ ለሚያጠና ልጅ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

4. ቻርጅ ማድረጊያውን ይሞክር። ቲ480 በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ ያደርጋል፤ ሁለቱም ቀዳዳ ይሞከር። ይህ ለሶላር ተጠቃሚ መልካም ዜና ነው። ተስማሚ የመኪና ቻርጀር ከተገኘ ከ12 ቮልት ባትሪ በቀጥታ ይሞላል፣ ኢንቨርተር የሚበላው ኃይል ይቀራል። ፕሮሰሰሩም በ15 ዋት የተወሰነ ነው፤ የቲ420ው 35 ነበር።

5. ቁልፉን ይፈትሽ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ቲንክፓድ ሲነሳ ኤፍ 1 ሲጫን የባዮስ ገጽ መከፈት አለበት፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ይተወው። የቲንክፓድ የባዮስ ቁልፍ ትንሿን ባትሪ በመንቀል አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ዊንዶውሱ ከአዲስ ሲጀመር ከኢንተርኔት ጋር ይገናኝ። የአንድ ኩባንያ ስም አውጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ከጠየቀ፣ ዕቃው ገና ከባለቤቱ መዝገብ አልወጣም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ገዝቶ ካኩማ ማምጣት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ገንዘቡ በኤም-ፔሳ የሚላከው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አይሆንም።

ግዕዙ እንዳይበላሽ

ይኼ ደግሞ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ነው። ዛሬ ፊደላችን በዩኒኮድ ስለሚጻፍ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ሳይበላሽ ይሻገራል። የድሮ ጽሑፎች ግን ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑ ፎንቶች፣ ለምሳሌ በቪዥዋል ግዕዝ የተተየቡ አሉ። ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ላይ ሲከፈቱ አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ጥርቅም ይወጣል። የዓመታት የትምህርት ማስታወሻ፣ የእድር መዝገብ፣ የማኅበር ቃለ ጉባኤ እንዲህ ሊቀር ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አሮጌው ላፕቶፕ በሕይወት ሳለ ጽሑፎቹን እዚያው ከፍታችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ ፎንቱንም በፍላሽ ገልብጡት። በፒዲኤፍ የተቀመጠ ሰነድ በአብዛኛው ፎንቱን አቅፎ ስለሚይዝ ሌላም ኮምፒውተር ላይ ይነበባል።

አሮጌውን ዲስክ አትሽጡ

የመጨረሻው ምክሬ ከሁሉም የከበደው ነው። አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ሸጦ ወጪውን ማካካስ የሚገባ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በዚያ ዲስክ ላይ ምን እንዳለ አስቡ፦ የምዝገባ ወረቀታችን ፎቶ፣ የሪሴትልመንት ቃለ መጠይቅ ማስታወሻ፣ ከአገር ለምን እንደወጣን የጻፍነው፣ አገር ቤት የቀሩ ወንድሞቻችን ስምና ምስል። ስደተኛ ከሌላው ሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሌላው ሰው ዲስክ ባዕድ እጅ ቢገባ ያሳፍረው ይሆናል፤ የእኛ ግን አገር ቤት ያለ ሰው ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

«ዴሊት አድርጌዋለሁ» ማለት አያድንም። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ፋይል ማጥፋት የመጽሐፉን ማውጫ እንደመቅደድ ነው፤ ገጾቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው ናቸው፤ የሚያወጣቸው ፕሮግራምም በነጻ ይገኛል። ስለዚህ ላፕቶፑን ያለ ዲስኩ ሽጡ። በቲ420 ላይ ዲስኩ አንዲት ብሎን ተፈትታ በጎን በኩል ይወጣል። በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ካስገባችሁት ደግሞ የቤተሰቡ መዝገብ ቤት ይሆናል፦ አንዱ ቅጂ በአዲሱ ላፕቶፕ፣ ሌላው በዚህ። ዲስኩ ግድ መሸጥ ካለበትም፣ ሙሉውን ደርቦ የሚጽፍ ማጽጃ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ይሂድበት፤ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ፣ እናንተም እያያችሁ።

እንግዲህ ወላጆች፣ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡና ይህን ጽሑፍ አብራችሁ አንብቡት። «የተማርክበት ተቋም ምን ይላል? ዲስኩና ሜሞሪው ተሞክሯል ወይ? መብራቱስ ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን በቅጡ ከሰጣችሁ ልጁ እውነቱን ነው፤ እቁቡም ይውጣለት። ልጆችም፣ አባትና እናት ሲጠይቁ ነፈጉን አትበሉ፤ ያቺ ገንዘብ ከየት ተቆጥባ እንደመጣች ታውቃላችሁና። አቅሙ ላነሰ ደግሞ ሁለት ሦስት ጎረቤት በአንድ ላፕቶፕ፣ እያንዳንዱ በራሱ አካውንትና የይለፍ ቃል፣ በሰዓት ተከፋፍሎ መማር ይችላል።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።