ስሌቱን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም እንካፈል

በየካ ክፍለ ከተማ የ15 ኪሎ ቮልት የስርጭት መስመሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉ ወደ እንጦጦ ተዳፋት ይወጣሉ። መስመሩ በረዘመና ጭነቱ በከበደ መጠን በጫፉ የሚገኘው ቮልቴጅ ይወርዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚወስድ፣ ሰፈሩ በአንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋግር በጫፍ ያለው ቤት መብራቱ ይደበዝዛል። ጭነቱን ወደ ጎረቤት መስመር ማዛወር ይህን ሊያቃልል ይችላል። ጥያቄው የትኛውን ስዊች ከፍተን የትኛውን እንዝጋ የሚለው ነው።

የአንድን መስመር የኃይል ፍሰት አንድ ጊዜ ማስላት ለተራ ኮምፒውተር ቀላል ነው፤ የሚከብደው አማራጮቹን መመርመር ነው። 20 ስዊቾች ያሉት መረብ 1,048,576 የክፍትና የዝግ አቀማመጦች አሉት። እያንዳንዱ ስሌት 0.1 ሰከንድ ቢፈጅ ሁሉን ማዳረስ 29 ሰዓት ያህል ይጠይቃል። አንዱ ስሌት የሌላውን ውጤት ስለማይጠብቅ፣ 30 ኮምፒውተሮች ቢካፈሉት ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። የቤተ ሙከራዎቻችን ኮምፒውተሮች ደግሞ ሌሊቱን ሥራ ፈትተው ያድራሉ።

ስለዚህ የጎደለን ታላቅ ኮምፒውተር ነው ብዬ አላምንም፤ የጎደለን የጋራ ሞዴል ነው። አንድ ተመራቂ የአንድን መስመር የሽቦ ርዝመትና ዓይነት፣ የትራንስፎርመሮቹን አቅምና ጭነት በብዙ ድካም ይሰበስባል። መረጃው ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ተከታዩም ከዜሮ ይጀምራል።

ጋብሪኤል ክሮን ትልቅን መረብ ቆራርጦ፣ ክፍሎቹን ለየብቻ ፈትቶ፣ በመገናኛቸው ላይ ማጋጠም እንደሚቻል ካሳየ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። የምርምራችን አደረጃጀትም ይህንኑ ይከተል እላለሁ። እያንዳንዱ መመረቂያ ጽሑፍ የአንድ መስመር መረጃን በወጥ ቅርጽ፣ ከጎረቤት መስመር ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ ለይቶ ያስረክብ። የመረጃ ምስጢራዊነት ጉዳይ ይነሣ ይሆናል፤ ነገር ግን ለስሌቱ የደንበኞች ስም አያስፈልግም። የቀረውን ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር በስምምነት መወሰን ይቻላል።

ጅምሩ ከየካ መስመሮች ይሁን፤ ልኬቱም በእግር ተሄዶ በመስክ ይረጋገጥ። የተሳሳተ የሽቦ ርዝመት በ30 ኮምፒውተሮች ቢሰላ ስሕተቱ ቶሎ ይደርሰናል እንጂ አይታረምም።