ከቻሌንጀር 40 ዓመት በኋላ፦ ማስጠንቀቂያው የት ቆመ?

የአሜሪካዋ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር ከሰባት ተጓዦቿ ጋር ሰማይ ላይ ከተበታተነች ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. 40 ዓመት ሞላ። የአገሪቱ የጠፈር ድርጅት ናሳ በሥራ ላይ የሞቱበትን ጠፈርተኞች በየዓመቱ በጥር ወር ያስባል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአፖሎ 1 ልምምድ ላይ ሦስት ጠፈርተኞች በእሳት የሞቱት ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኮሎምቢያ የተሰባበረችው ደግሞ ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው።

እነዚህ አደጋዎች ብዙውን ጊዜ የሚተረኩት እንደ ማሽን ብልሽት ነው። የቻሌንጀር ምርመራ ግን ብልሽቱ አስቀድሞ ታውቆ እንደነበር አሳይቷል።

መንኮራኩሯን የሚገፏት ሁለት ግዙፍ ሮኬቶች ከበርካታ ክፍሎች ተገጣጥመው የተሠሩ ነበሩ። በየመጋጠሚያው ትኩስ ጋዝ እንዳያመልጥ የጎማ ቀለበት ይገባል፤ ሥራው በውኃ መሳቢያ ሞተር ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ከሚገባው ጎማ ብዙም አይለይም። ጎማ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ክፍተቱን ቶሎ አይሞላም። የሮኬቶቹ አምራች የሞርተን ታዮኮል መሐንዲስ ሮጀር ቦይስጆሊ ይህን ሥጋት አደጋው ከመድረሱ ስድስት ወር በፊት ለአለቆቻቸው በጽሑፍ አሳውቀው ነበር።

በበረራው ዋዜማ የፍሎሪዳ ብርድ ከዜሮ በታች እንደሚወርድ ተተነበየ። መሐንዲሶቹ በስልክ በተደረገ ስብሰባ፣ የአየሩ ሙቀት ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ መንኮራኩሯ መነሣት የለባትም ሲሉ ተከራከሩ። የናሳ ኃላፊዎች ምክሩን አልወደዱትም። የኩባንያው አመራሮችም ለብቻቸው ተመካክረው የገዛ መሐንዲሶቻቸውን ቃል ሻሩ። በማግስቱ ረፋድ ሙቀቱ 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። ቻሌንጀር በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች። ከሟቾቹ አንዷ፣ ከጠፈር ሆና ለተማሪዎች ትምህርት ልትሰጥ የተመረጠችው መምህርት ክሪስታ መኮሊፍ ነበረች።

በዚያ ምሽት የተገለበጠው የማስረጃ ሸክም ነው። እስከዚያ ድረስ መሐንዲሶች የሚጠየቁት መንኮራኩሯ ደኅና መሆኗን እንዲያረጋግጡ ነበር፤ በስብሰባው ግን አደጋ እንደሚደርስ እንዲያረጋግጡ ተጠየቁ። ያልደረሰን አደጋ በማስረጃ ማቅረብ የሚቻለው ማን ነው? በኋላ ከመርማሪዎቹ አንዱ የሆኑት የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን የጎማውን ናሙና ጨምቀው በበረዶ ውኃ ነከሩት፤ ሲያወጡት ወደ ቅርጹ ቶሎ አልተመለሰም። አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ የሚጠይቅ ፍተሻ ነበር።

ኮሎምቢያም ከ17 ዓመት በኋላ ያንኑ መንገድ ተከተለች። ስትነሣ ከነዳጅ ታንኳ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታው። መሐንዲሶች ጉዳቱ በምስል እንዲታይ ቢጠይቁም ኃላፊዎቹ አልገፉበትም፤ ስትመለስ ሰባት ሰዎች ሞቱ።

ማስጠንቀቂያን እንዲህ የማሳደር ልማድ በጠፈር ድርጅት ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአገራችን የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ስለ ድርቁ ለለጋሾች ጥሪ አቅርቦ ነበር። መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ያዘጋጅ ነበር፤ ለጋሾችም ዘገዩ። ዓለም የተንቀሳቀሰው የኮረም ምስል በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። እዚህም ማስረጃ ሆኖ የተቆጠረው ሞቱ ራሱ ነበር።

አሜሪካ ከዚያ ረሃብ በኋላ ያቋቋመችው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የጠፈር ቴክኖሎጂን ለገበሬው ካቀረቡት ሥራዎች አንዱ ነው። የዝናቡን መጠንና የእርሻውን ልምላሜ በሳተላይት ይከታተላል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ግን ሥራው ለወራት ተቋረጠ። ሳተላይቶቹ መዞራቸውን አላቆሙም፤ የቆመው ምስሉን ተንትኖ የሚያሳውቀው ሰው ነው።

ሥርዓቱ የገበያ ዋጋንም ይመለከታል። አንድ ፍየል ተሸጦ የሚገዛው እህል እያነሰ ሲሄድ ችግር መቃረቡን ያመለክታል። ይህን ገበያተኛው ከሳተላይቱ እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሞ ያየዋል፤ በቀበሌ ያለው የግብርና ባለሙያም ይጽፈዋል። ሪፖርቱ የደረሰው ቢሮ መልሶ የሚጠይቀው ዝናቡ የቀረበትን ሳምንት ነው ወይስ የሞተውን ከብት ቁጥር?