የሽምብራ ዋጋ በመልኩ ብቻ አይመዘን

በሰሜን ሸዋ፣ በምንጃር ሸንኮራ የምትገኘው አረርቲ በስሟ የሚጠራ የሽምብራ ዘር አላት። ይህ ዘር በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ተመርጦ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ለገበሬው የተፈቀደ ነው፤ ነጭ ሲሆን ፍሬው ከቀድሞው የአገር ዘር ይተልቃል። ገበያውም የሚወደው ስለዚሁ ነው፤ ነጋዴው እፍኝ ዘግኖ ትልቅነቱንና ንጣቱን አይቶ ዋጋ ይቈርጣል። በውስጡ ያለውን ፕሮቲን ግን ዓይን አያየውምና የሚከፍልበት የለም። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል እንላለን።

ሽምብራ ከመቶው 20 ያህል ፕሮቲን አለው፤ ልኩ ግን እንደ ዘሩና እንደ መሬቱ ይለያያል። ከመቶው 18 ባለውና 22 ባለው ኩንታል መካከል ያለው ልዩነት 4 ኪሎ ነው። የዓመቱን እኩሌታ ያህል በጾም ለሚያሳልፍ፣ ሽሮና ክክ ለሥጋና ለወተት ምትክ ለሚሆኑለት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ልዩነቱ ከወዴት ይመጣል ቢሉ፣ መጀመሪያው ከሥሩ ነው። በሥሩ ላይ ባሉት ትናንሽ ዕባጮች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኔዝ በተባለ ኤንዚም የአየሩን ናይትሮጅን ወደ አሞንያ ይለውጡታል፤ የተክሉም ኤንዚሞች ተቀብለው የፕሮቲን መሥሪያ የሆነውን አሚኖ አሲድ ያበጁለታል። ቀጥሎ የፍሬው ሥራ ነው። በፍሬው የሚከማቸውን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን በቅጠሉም በሥሩም አለ፤ ነገር ግን የሚነቃው በፍሬው ውስጥ፣ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ነው። መጽሐፉ በሙሉ በቤተ ክርስቲያን ሳለ በዕለቱ የሚነበበው ግጻዌው ያመለከተው ክፍል ብቻ እንደሚሆን ያለ ነው።

እንግዲህ በጎ ዘር ብቻውን አይበቃም። በመረሬ መሬት ክረምቱ ሲወጣ የተዘራው ሽምብራ ፍሬ ሳይሞላ ርጥበቱ ቢያልቅበት ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ያጓድላሉ፤ ጂኑም ቢነቃ የሚሠራበት ዕቃ ያንሰዋል። ስለዚህ የአንድ ዘር ፕሮቲን በአንድ ስፍራ ተመርምሮ ለሁሉ አገር ሊነገር አይችልም።

ፕሮቲን የበዛበት ዘር ብዙ ጊዜ ምርቱ ያንሳል የሚሉ አሉ፤ ነገሩ እውነትነት አለው። ገበሬውም ዋጋ ሳይጨመርለት ያነሰ ኩንታል አስገባ ቢባል እንቢ ማለቱ አያስነቅፈውም። ዋጋ ለመጨመር ግን አስቀድሞ መመዘን ያስፈልጋል፤ የመመዘኛውንም ዘዴ የዴንማርኩ ሊቅ ኬልዳል ገና በ1883 አሳይቷል። የእርሻ ሹማምንት ዘር ሲፈቅዱ ከምርቱ ብዛትና ከፍሬው ትልቅነት ጋራ የፕሮቲኑን ልክ በየተዘራበት አገር ለይተው በመዝገብ ቢያስገቡ፣ የገበሬ ማኅበራትም ሽምብራ ሲገዙ ናሙናውን ቢያስመረምሩ መልካም ነው። ሥራውን ለመጀመርም ከአረርቲ ገበያ የተሻለ ስፍራ አይታየንም።