ያነበብነውን እናካፍላችሁ፦ የብረት ቆብ

በዚህ ሳምንት ስለ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ እንጫወታለን። ልብ ወለድ ማለት በሐሳብ የተፈጠረ ታሪክ ነው። በእውነት የሆነ ነገር አይደለም። ስለ ሰው ጠባይ ግን ብዙ ያሳያል።

የመጽሐፉ ስም «ነጫጭ ተራሮች» ይባላል። ጆን ክሪስቶፈር የተባለ እንግሊዛዊ ደራሲ ለወጣቶች የጻፈው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ታተመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡሮች ምድርን ይዘዋል። ሰው የሚያየው ግን ሦስት እግር ያለው ትልቅ የብረት ነገር ነው። እንደ ጉልቻ በሦስት ይቆማል፤ ቁመቱ ግን ከዛፍ ይበልጣል። ትልልቆቹ ከተሞች ፈርሰዋል። ሰው በየመንደሩ ይኖራል።

ታዲያ እነዚህ ገዢዎች ሰውን የሚይዙት በጦር አይደለም። በቆብ ነው። ልጅ 14 ዓመት ሲሆነው በራሱ ላይ የብረት መረብ ይደፉበታል። ቆቡ ከቆዳው ጋር ይጣበቃል፤ አይወልቅም። ከዚያ ወዲያ ልጁ ገዢዎቹን ይወዳል። «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። የሚገርመው፣ ቀኑ የሐዘን ቀን አይደለም። ይደገሳል፤ ይበላል፤ ይጠጣል።

ዊል የሚባል ልጅ አለ። ጓደኛው ጃክ ጠያቂ ነበር። ጃክ ቆቡን ደፋ። ከዚያ በኋላ መልኩ ያው ነው፤ ጥያቄው ግን የለም። እኛ መጀመሪያ የደነገጥነው እዚህ ላይ ነው።

ዊል ተራው ሳይደርስ ሸሸ። ቆብ ያልደፉ ነፃ ሰዎች በነጫጭ ተራሮች እንደሚኖሩ ሰምቷል። ከዘመዱ ከሄንሪ ጋር ባሕር ተሻግሮ ፈረንሳይ አገር ገባ። እዚያ ዣን ፖል የሚባል ልጅ ተጨመረ። ይህ ልጅ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ መነጽሩን ራሱ ሠርቷል።

በመንገድ ላይ ዊል ታመመ። የአንድ ትልቅ ግቢ እመቤት እንደ ልጇ አስታመመችው። ልጇን ኤሎይዝንም ወደዳት። ምግቡ ጥሩ፣ አልጋው ምቹ። «እዚሁ ብቀርስ? ቆቡንስ ብደፋ ምናለበት?» አለ። ጓደኞቹ ትተውት ሄዱ።

ኤሎይዝ ግን በበዓል ቀን ንግሥት ተብላ ተመረጠች። ሽልማቷ ወደ ገዢዎቹ ከተማ ሄዳ ማገልገል ነው። ከእናት ከአባቷ ትለያለች። ይህን ለዊል ስትነግረው አላለቀሰችም፤ በደስታ ነው የነገረችው። ዊል የነቃው ያን ደስታ ሲያይ ነው። በሌሊት ተነሥቶ ወጣ።

እኛ በዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን። አንዱ ጓደኛችን «ሰው ደስ ካለው ምን ጎደለው?» አለ። ሌላው እንዲህ ሲል መለሰ፦ «በሬ እንኳ ቀንበር ሲወርድለት አንገቱን ያራግፋል። ቆብ የደፋ ሰው ግን ሸክም መኖሩንም አያውቅ!» ሁላችንም ዝም አልን።

አንድ ቅር ያለን ነገርም አለ። የሚሸሹት ሦስቱም ወንዶች ናቸው። ኤሎይዝ ቆቡን ሳትደፋ በፊት ምን ታስብ ነበር? ደራሲው አልነገረንም።

ልጆቹ በመጨረሻ ተራሮቹ ዘንድ ደረሱ። እዚያ ብርድ ነው፤ ኑሮውም ከባድ ነው። ሐሳባቸው ግን የራሳቸው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ለቆቡ ድግስ የሚደገሰው ለምን ይመስላችኋል?
2. እናንተ በዊል ቦታ ብትሆኑ ከእመቤቲቱ ግቢ ትወጡ ነበር?
3. ሳትጠይቁ የተቀበላችሁት ነገር አለ? ምንድን ነው?